ምድጃው ስንት ነው?

«የሠርጉን ቦታ አንተ ምረጥ» ብላ መዲና አዘዘችኝ፤
የወንድሜ ልጅ ናት፣ እምቢ አልላት፣ ከእሱ እሷ ናት የቀረችኝ።
ስልኳን ዘርግታ የጓደኛዋን ሠርግ ታሳየኛለች፣
ነጭ ግድግዳ፣ ነጭ አበባ፤ «እንዲህ እንኳ ባይሆን…» ትላለች።

ሜትር አልያዝኩም፤ ርምጃዬ ይበቃኛል፣
ሠላሳ ዓመት መሬት ቀይሻለሁ፣ እግሬ ያውቅልኛል።

መጀመሪያ ፒያሳ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ባለ መስታወት አዳራሽ፤
ደረጃው ሰባ ሁለት፤ በምን ጉልበቷ ትውጣው ዙሪያሽ?
ወንበሩ ቀሚስ ለብሷል፣ ወገቡ በሪባን ታስሯል፣
ከሙሽራዋ በፊት ወንበሩ ተድሯል።
ሥራ አስኪያጁ ወጣት ነው፣ ቁልፉን በጣቱ ያሽከረክራል፣
«ለሦስት መቶ ሰው፣ ለአምስት መቶ» እያለ ዋጋ ይደረድራል፤
«ሙሽሮቹ የሚጨፍሩበት ጉም አለን፣ ማሽኑ ከታች ይለቀዋል።»
ደሴ ላይ ጉም በገንዘብ? ጦሳ ቢሰማ ምን ይለዋል?

«ልጄ» አልኩት፣ «ሌላው ይቅር፤ ምድጃችሁ ስንት ነው?»
«አንድ ወጥ ቤት ነው ያለን፤ አብሳዩም የራሳችን ነው፤
የውጭ ምግብ አይገባም፤ ደንቡ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።»
ይህ ልጅ ደሴ ነው ያደገው? ወይስ ጎረቤት ሳያይ በቅሏል?
የዙሪያሽ ወገን በስመ አብ የታረደውን ይበላል፣
የእኔና የአበጋዝ ወገን በቢስሚላህ፤
ሁለት በሬ፣ ሁለት ቢላ፣ ሁለት ድስት፤ አንዱ ጎድሎ ሠርግ የት ይባላል?

ኮምቦልቻ ወረድኩ፤ የአንዋር ሰዎች አደራ ብለዋል፣
«ሣር አለው፣ ምሽቱም ይሞቃል፣ የደሴን ብርድ ማን ይችለዋል?»
እውነት ነው፤ የሆቴሉ ግቢ ሰፊ፣ የዛፉ ጥላ የተነጠፈ፣
ካፖርቴን አውልቄ ተቀመጥኩ፤ አጥንቴ ትንሽ አረፈ።
ምድጃ ሁለት፣ ሦስትም ቢሆን ሜዳው አይከለክልም፣
ለካሁት፤ ስልሳ በአርባ ርምጃ፣ መሬቱም አያጋድልም።
ልቤ ቀብድ ሊከፍል እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤
ሐረጎ ግን ትዝ አለኝ፤ ጉም ሲውጠው፣ መንገድነቱን እንደ ካደ።
በሌሊት ማን ይመልሳቸዋል? አያ ይመርን ከነምርኩዙ፣
እማማ ብርቄን በነጠላ፣ ልጆቹን በእንቅልፍ እንደ ፈዘዙ?
አውቶቡስ እንከራይ? እሺ፤ ስሙ የተጻፈ ይቀመጣል፤
በሩ ላይ ቆሞ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ብሎ የሚገባው፣
ያ ያልተጠራው ጎረቤት፣ እሱስ በምን ይመጣል?

ማታ ዙሪያሽ ቤት ገባሁ፤ ሒሳቡን በወረቀት ዘረጋሁ፣
«ግቢያችሁስ?» አልኩ ድንገት፤ የራሴን ድምፅ ፈራሁ።
ግቢው ያዘነበለ ነው፣ ከአጥር እስከ አጥር ሁለት ሜትር ይወርዳል፤
የሚበቃው የዕድሩ ድንኳን ነው፤ እሱ ደግሞ ለዙሪያሽ ዛሬም መርዶ ያረዳል።
አበጋዝ የሞተ ጊዜ ሦስት ቀን ከሥሩ ተቀምጣ፣
በግራ በኩል ያለውን መጣፊያ ስታይ ከረመች፣ ክሩ ሲገባ ሲወጣ።

ዝም አለች። መዲናም ዝም። እኔም ወረቀቴን አጠፍኩ፣
«ይቅር፣ ኮምቦልቻ ይሁን» ልል አፌን ከፍቼ አሳለፍኩ።
«አግዳሚው» አለች ዙሪያሽ፣ «እግሩ የተሰበረው፣ ተጠገነ?»
«ባለፈው ወር» አልኳት፤ ድምፄ ለምን እንደሆን ቀጠነ።
«ሙሽሮቹን በግራ አስቀምጡ፣ ከመጣፊያው ሥር፤
ስፌቱን እኔ አውቀዋለሁ፤ ዝናብ አያሳልፍም በቀላል ነገር።»

ዛሬ ጠዋት ካስማና ገመድ ይዤ ግቢውን እለካለሁ፤
ምድጃዎቹ፣ የትኛው ከላይ፣ የትኛው ከታች ይሁን?
ይህን ቄሱና ሼሁ ተነጋግረው ይጨርሱት ብያለሁ።
ከአግዳሚው እግር ሥር ድንጋይ ባደርግም ያጋድላል፤
ሰው ሁሉ ትንሽ ወደ ጎረቤቱ ዘንበል ብሎ ይበላል።

ከቀትር በኋላ አንዋር ደወለ፤ «ወገኖቼ ብርዱን ፈሩ፣
ምን ልበላቸው?» አለኝ።
«ጋቢ ይደርቡ፤ ሐረጎንም በቀን ይሻገሩ።»